ሳይንሳዊ ዘዴንና የሜትሪክ ልኬትን በአንድ ክርና በአንድ ዳዶ ማስተማር

በብዙ ክፍል ውስጥ ሳይንሳዊ ዘዴ የሚጀመረው ሰሌዳ ላይ ነው። ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ትንተና፣ መደምደሚያ። ተማሪዎች ይገለብጡታል፣ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ በቅደም ተከተል ይዘረዝሩታል። ሌላ ሳምንት ላይ የሜትሪክ አሃዶች ይመጣሉ። እነሱም ይሸመደዳሉ። ሁለቱ ሳይገናኙ ዓመቱ ያልቃል።

እዚህ የማቀርበው አሠራር ሁለቱን አንድ ላይ ያስኬዳል። ተማሪው የሚለካው የራሱ ጥያቄ ስላለው ነው። አሃዱም የሚያስፈልገው ያለ እሱ ከጓደኛው ጋር መግባባት ስላልቻለ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተጠበቀ ብዙ ነገር ሳይነገራቸው ይገባቸዋል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ይስማማል፤ አራት ክፍለ ጊዜ ገደማ ይወስዳል። ብዙ ተማሪ ያለው መምህርም ሆነ ቤት ውስጥ ሁለት ልጅ የሚያስጠና ወላጅ ሊሠራበት ይችላል።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለእያንዳንዱ ቡድን፦ የማይለጠጥ ክር አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ እኩል መጠን ያላቸው ሦስት ዳዶዎች (የብሎን ማሰሪያዎቹን ማለቴ ነው)፣ መንጠቆ የሚሆን ቁራጭ ሽቦ፣ የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ ፕላስተር፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ፣ ባለካሬ ወረቀት። ለክፍሉ በጋራ ደግሞ ጥቅል ሜትር፣ አንድ ሚዛን፣ ካርቶን፣ ላስቲክ ከረጢትና አንድ ሊትር ውሃ ይበቃል። ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

ቡድኑ ከሦስት እስከ አራት ሰው ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል። በየሙከራው ቦታ ይቀያየሩ። ካልተቀያየሩ ጎበዝ የተባለው ልጅ ሁሉን ነገር ይጠቀልልና ሌሎቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

ደረጃ 1፦ በስንዝር ይለኩ

ሜትሩንም ማስመሪያውንም ደብቁት። እያንዳንዱ ተማሪ አንድን ጠረጴዛ በስንዝር ይለካ፤ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። 9፣ 11፣ 8 ተኩል፣ 10 እየተባለ ይደረደራል። አታርሙ። «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ።

ክርክሩ ወዲያው ይነሳል። አንዱ የትልቁ ሰው ስንዝር ይሁን ይላል። ሌላዋ አማካይ እንውሰድ ትላለች። ለጥቂት ደቂቃ ተዋቸው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ጠረጴዛውን አይቶት ለማያውቅ አናጢ በስልክ ልኩን ንገሩት ብትባሉ የትኛውን ቁጥር ትሰጡታላችሁ?» አሁን ችግሩ የእነሱ ይሆናል። የአንድ ሰው ስንዝር ይመረጥ ይላሉ። ሰውየው ከሌለስ? በስንዝሩ ልክ እንጨት እንቁረጥ። እንጨቱ ከጠፋስ? ቅጂ እናውጣለት። ቅጂው አናጢው ዘንድም ይኑር።

እዚህ ላይ ታሪኩን ብትነግሯቸው ጆሯቸው ክፍት ነው። የሰው ልጅ የሄደበት መንገድ ከእነሱ ክርክር ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1791 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ልኬቱ ከንጉሥም ከነጋዴም ክንድ ወጥቶ ከምድር ራሷ እንዲወሰድ መከረ። ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት አንድ አሥር ሚሊዮንኛ አንድ ሜትር ይባል ተባለ። ደላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ከ1792 እስከ 1798 ድረስ ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን መሬት ለኩ። በ1799 ልኬቱ በፕላቲኒየም ዘንግ ላይ ጸና። ዘንጉ ከታሰበው በ0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ አጥሮ ነበር። ቢሆንም ዓለም የተስማማው በእሱ ላይ ነው። በ1875 ደግሞ 17 አገሮች ፓሪስ ላይ የሜትር ስምምነትን ፈረሙ። ዛሬ ዘንጉ ጡረታ ወጥቷል። ከ1983 ጀምሮ አንድ ሜትር ማለት ብርሃን በባዶ ኅዋ ውስጥ በአንድ ሰከንድ 299,792,458ኛ ክፍልፋይ የሚጓዘው ርቀት ነው። ቁጥሩን እንዲይዙት አትጠይቁ። የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልኬት ማለት ሰዎች የተስማሙበት ነገር መሆኑን ማወቅ።

ደረጃ 2፦ ሦስት ቃላት ብቻ

አሁን ማስመሪያውን አውጡ። ከናኖ እስከ ጊጋ ያለውን ሙሉ ሠንጠረዥ ግን ተዉት። ለጊዜው ኪሎ፣ ሴንቲና ሚሊ ይበቃሉ። ኪሎ ሺህ እጥፍ ነው፣ ሴንቲ መቶኛ፣ ሚሊ ሺህኛ። ሌላው ሲያስፈልግ ይመጣል።

ቀጥሎ ልኬቱን ሰውነታቸው ላይ ይፈልጉት። 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የየትኛው ጣት ጥፍር ስፋት ነው? 10 ሴንቲ ሜትርስ? ከወለል 1 ሜትር ከፍታ የትኛው የሰውነት ክፍል ላይ ይደርሳል? ሁሉም የየራሱን ይጻፍ። ከዚያ የግምት ጨዋታ ይጀመር፤ የበሩ ቁመት፣ የደብተሩ ርዝመት፣ የእርሳሱ ውፍረት። ሕጉ አንድ ነው። ግምቱ ከነአሃዱ በእስክሪብቶ ከተጻፈ በኋላ ነው የሚለካው፤ ግምቱም አይሰረዝም። ይህ ሕግ ትንሽ ይመስላል፤ በኋላ ለመላምቱ የሚያስፈልገውን ልማድ የሚያስይዛቸው ግን እሱ ነው።

አሃድ መቀየር ላይ ብዙ ልጆች ነጥቡን ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ እያሉ ይደናገራሉ። እኔ ነጥብ ከማንቀሳቀስ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ አደርጋለሁ፦ «አሃዱ አነሰ ወይስ ተለቀ?» አሃዱ ካነሰ ብዛቱ ይጨምራል። 2 ሜትር ወደ ሴንቲ ሜትር ሲቀየር 0.02 ብሎ የጻፈ ልጅ ይህን ቢጠይቅ ስህተቱን ራሱ ይይዛል።

ስፋትና ይዘት ላይ ሲደርሱ ቃል አይበቃም፤ በእጅ መሥራት አለባቸው። ወለሉ ላይ በጠመኔ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ካሬ ሣሉ። 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ስጧቸውና ስንት እንደሚያስፈልግ ይገምቱ። አብዛኞቹ 10 ይላሉ። አንዱን ረድፍ ሲደረድሩ 10 መሆኑን ያያሉ፤ ከዚያ አሥር ረድፍ እንዳለ ይገባቸዋል። 100 ወረቀት ማለት ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ውስጥ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስላለ፣ አንድ ካሬ ሜትር 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ለይዘት ደግሞ ከካርቶን ሁሉም ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍት ሣጥን ይሥሩ። ውስጡን በላስቲክ ከረጢት አልብሱትና አንድ ሊትር ውሃ ጨምሩበት። አፉ ድረስ ይሞላል። ሚዛን ላይ ስታስቀምጡት ውሃው ብቻውን 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ርዝመት፣ ይዘትና ክብደት በአንድ ሣጥን ተገናኙ። ከሜትሪክ ሥርዓት ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ይህን ቦታ ነው፤ ልጆችም የሚደነቁበት እዚህ ነው። ሣጥኑን ውሃ ሳይገባበት በፊት መዝኖ መቀነስ እንደሚያስፈልግ አትንገሯቸው። ሚዛኑ ከ1 ኪሎ በላይ ሲያሳይ ምክንያቱን ራሳቸው ይፈልጉ።

ደረጃ 3፦ መሣሪያውን ማንበብ

ይህን ክፍል በፍጥነት እለፉት፤ ቢሆንም አትዝለሉት። የማስመሪያው ዜሮ ብዙ ጊዜ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ነው ያለው። ጫፉ የተበላ ከሆነ ከ10 ጀምሮ መለካትና በኋላ 10 መቀነስ ይሻላል። ዓይን ከምልክቱ ፊት ለፊት መሆን አለበት። ከጎን ሆኖ ያነበበ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይስታል። ውሃ በመስታወት ዕቃ ሲለካ የላዩ ገጽ መሀሉ ሰርጎድ ይላል፤ የሚነበበው የጎድጓዳው ታች ነው፣ ዓይንን በልኩ ዝቅ አድርጎ።

አንዲት ትንሽ ልምምድ ግን ጊዜ ይገባታል። «የአንድ ወረቀት ውፍረት ስንት ነው?» በሏቸው። በማስመሪያ አይለካም። ትንሽ ካሰቡ አንዱ ቡድን ወፍራም መጽሐፍ ያነሳል። 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ 15 ሚሊ ሜትር ከወፈረ፣ 15ን ለ300 ያካፍሉና 0.05 ሚሊ ሜትር ይላሉ። እዚህ ጋ ጠብቁ። አንድ ቅጠል ወረቀት ሁለት ገጽ እንዳለው የሚያስተውል ልጅ ይኖራል። ቅጠሉ 150 ነው፤ ውፍረቱም 0.1 ሚሊ ሜትር። ብዙውን አንድ ላይ ለክቶ ማካፈል የሚለው ዘዴ አሁን እጃቸው ገባ። ሰዓቱ ላይ ይፈልጉታል።

ደረጃ 4፦ ጥያቄ ማውጣት

ክሩን ከጠረጴዛ ጫፍ ላይ በፕላስተር አስሩና በሽቦው መንጠቆ ዳዶ አንጠልጥሉበት። ምንም ሳትናገሩ ወደ ጎን ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ይህ ፔንዱለም ነው። «ምን አያችሁ?» ብቻ በሉ።

መጀመሪያ «ይወዛወዛል» ይላሉ። ዝም ስትሉ ሌላ ይመጣል። እየቀነሰ ይሄዳል። ጫፍ ላይ ቆም ይላል። መሀል ላይ ይፈጥናል። ሁሉንም ጻፉ። ቀጥሎ ከምልከታው ጥያቄ ያውጡ፤ ጥያቄዎቹን ደግሞ ለሁለት ይክፈሏቸው። ዛሬ በእጃችን ባለው ዕቃ ለክተን የምንመልሰው የትኛው ነው? የማንችለውስ? «ለምን ይወዛወዛል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን በክርና በሰዓት አይመለስም። «ዳዶው ቢከብድ ይፈጥናል?» የሚለው ይመለሳል። «ክሩ ቢረዝምስ?» ይህም ይመለሳል። «ይፈጥናል» ስንል ምን እንደምንለካ ግን መስማማት አለብን። ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንድ ምልልስ እንበለው።

ጥያቄ የሚለይበትን ይህን ሰዓት አታሳጥሩት። ብዙ መመሪያ ጥያቄውን አዘጋጅቶ ይሰጥና ሙከራውን ለተማሪው ይተዋል። ከባዱ ሥራ ግን ጥያቄውን መሞከር ወደሚቻል መልክ ማምጣቱ ነው። ያ ከተወሰደበት ተማሪው የሰው ትእዛዝ ብቻ ነው የሚፈጽመው።

ደረጃ 5፦ መላምት

መላምት በምክንያት የተደገፈ ግምት ነው። አጻጻፉ እንዲህ ይሁን፦ «ዳዶ ብጨምር ምልልሱ እንዲህ ይሆናል፣ ምክንያቱም…» ምክንያት የሌለውን አትቀበሉት። አብዛኞቹ ከባዱ ይፈጥናል ብለው ይጽፋሉ። ፊታችሁ ላይ ምንም አይታይ። እያንዳንዱ በእስክሪብቶ ጽፎ ይፈርምበት። ከሙከራው በፊት የተጻፈ ነገር ከሙከራው በኋላ አይነካም።

ደረጃ 6፦ አንዱን ለውጥ፣ ሌላውን ያዝ

የሙከራው ዋና ሕግ ይህ ነው። ክብደት የሚመረምረው ቡድን የክሩን ርዝመትና የሚለቅበትን ርቀት አይነካም። ርዝመት የሚመረምረው አንድ ዳዶ ብቻ ይዞ ይቆያል። ደብተራቸው ላይ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የምለውጠው፣ የምለካው፣ የማልነካው።

ብዙ ቡድን የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ሁለተኛውን ዳዶ ከመጀመሪያው ሥር ያንጠለጥሉታል፤ ሦስተኛውን ደግሞ ከእሱ ሥር። ክብደት ብቻ የጨመሩ ይመስላቸዋል፤ ግን ክብደቱ ወደ ታች ስለወረደ ርዝመቱም ተለወጠ። ውጤታቸው «ከባዱ ይዘገያል» የሚል ይሆናል። ዳዶዎቹ ሁሉ በአንድ መንጠቆ ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ይህን ስህተት ስታዩ ወዲያው አታስቁሟቸው። ውጤታቸው ከሌላው ቡድን ጋር ሲለያይ ሁለቱ ቡድኖች ጎን ለጎን ቆመው ዕቃቸውን ያወዳድሩ። አንዱ ሲያገኘው የሚያሰማው ጩኸት ከእናንተ ማብራሪያ ይበልጣል።

ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ። ርዝመቱ የሚለካው ክሩ ከታሰረበት ነጥብ እስከ ዳዶው መሀል ነው፤ እስከ ቋጠሮው አይደለም። ዳዶው ይለቀቃል እንጂ አይገፋም። የሚለቀቅበት ማዕዘን ትንሽ ይሁን፣ ከ15 ዲግሪ አይብለጥ። የ50 ሴንቲ ሜትር ክር ከሆነ ወደ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳብ ማድረግ በቂ ነው። ክሩም ከጠረጴዛው እግር ጋር እንዳይነካካ ይታይ።

ደረጃ 7፦ ጊዜውን መለካት

መጀመሪያ አንድ ምልልስ ብቻ ይለኩ። 25 ሴንቲ ሜትር ላይ አንዱ 0.8 ሰከንድ፣ ሌላው 1.2 ያገኛል። ለምን ተለያየ? የሰው እጅ ዓይን ካየ በኋላ እስኪንቀሳቀስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አንድ ሰከንድ ለሚፈጅ ነገር ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ምን እናድርግ ሲባል መጽሐፉን የሚያስታውስ ልጅ ይገኛል፤ አሥር ምልልስ ለክቶ ለ10 ማካፈል። ያው የእጅ ስህተት ለአሥር ይከፋፈላል ማለት ነው።

አቆጣጠሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲለቁት «ዜሮ» ነው የሚባለው። «አንድ» የሚባለው ሄዶ ወደተለቀቀበት ሲመለስ ነው። ሲለቅ «አንድ» ያለ ቡድን 10 ላይ ሲያቆም የለካው 9 ምልልስ ነው። ሌላው የታወቀ ስህተት መሄዱን አንድ፣ መመለሱን ሁለት ብሎ መቁጠር ነው።

እያንዳንዱ ልኬት ሦስት ጊዜ ይደገም። ሠንጠረዡ ከሙከራው በፊት ይሠመር፤ የአምዱ ራስ ላይ አሃዱ ይጻፍ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ በኋላ ማስተላለፍ አይፈቀድ። የማይመስል ቁጥር ቢመጣም አይጠፋም፤ በአንድ መስመር ይሰረዝና አጠገቡ ምክንያቱ ይጻፍ። «ክሩ ጠረጴዛውን ነካ» ምክንያት ነው። «ከሌሎቹ ጋር አልገጠመም» ግን ምክንያት አይደለም።

አሃድ የሌለው ቁጥር ደብተር ላይ ስታገኙ «14 ምን?» ብላችሁ መልሱት። አሁንም አሃድ የሚረሳ ካለ ታሪክ ጨምሩለት። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የካናዳ የመንገደኞች አውሮፕላን አየር ላይ ሳለ ነዳጅ ጨረሰ። ነዳጁ በኪሎ ግራም መሰላት ሲገባው ስሌቱ ውስጥ የገባው የፓውንድ (የሌላ የክብደት አሃድ) ቁጥር ነበር። ፓይለቶቹ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው ጊምሊ በሚባል ቦታ አሳረፉት፤ ሁሉም ሰው በሕይወት ተረፈ።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን ማየት

ለእናንተ ብቻ የሚሆን ማመሳከሪያ ልስጣችሁ። በትንሽ ማዕዘን 10 ምልልስ የሚፈጀው ጊዜ እንዲህ ነው፦ ለ25 ሴንቲ ሜትር 10.0 ሰከንድ፣ ለ50 ሴንቲ ሜትር 14.2፣ ለ75 ሴንቲ ሜትር 17.4፣ ለ100 ሴንቲ ሜትር 20.1። ተማሪዎች ከዚህ በጥቂት ክፍልፋይ ቢርቁ ጥሩ ሠርተዋል። 100 ሴንቲ ሜትር ላይ 18 ገደማ ያመጣ ቡድን በ«አንድ» ነው የጀመረው። 10 ያመጣ ቡድን ግማሽ ግማሹን ቆጥሯል።

ቁጥሮቹን አትንገሯቸው። «ቲቸር፣ ስንት መምጣት ነበረበት?» የሚል ጥያቄ የማይቀር ነው። መልሱ «ሌላው ቡድን ስንት አገኘ?» ይሁን። መልሱን አንዴ ከነገራችኋቸው ልኬታቸው ሁሉ ወደ እሱ ይጠጋል፤ መለካታቸውም ያበቃል።

ክብደት የመረመሩት ቡድኖች ጋ ጊዜ ውሰዱ። በ50 ሴንቲ ሜትር ክር ላይ ለአንድ ዳዶ 14.1፣ 14.3፣ 14.2 አገኙ እንበል። ለሦስት ዳዶ ደግሞ 14.2፣ 14.0፣ 14.3። አማካዩ 14.20 እና 14.17 ነው። አንድ ልጅ «ይኸው፣ ከባዱ ይፈጥናል!» ማለቱ አይቀርም። ቁጥሩ አንሷልና በአንድ በኩል እውነቱን ነው። አሁን ይህን ጠይቁት፦ «ዳዶውን ሳትቀይር ሦስት ጊዜ ስትለካ ቁጥሩ በስንት ተለያየ?» በ0.2 እና በ0.3። ምንም ሳይለወጥ እንኳ ቁጥሩ ይህን ያህል ከዋዠቀ፣ የ0.03 ልዩነት ስለ ክብደት ምንም አይነግረንም። ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ የልኬታችን መዋዠቅ ምን ያህል እንደሆነ እንድናውቅ። ይህ የገባው ልጅ ከእድሜው በላይ የሆነ ነገር ይዟል። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢፈጅም አይቆጨኝም።

የመደምደሚያው አጻጻፍም ልክ እንደ ማስረጃው ይሁን። «ክብደት ምንም ለውጥ አያመጣም» ከሚል ይልቅ «ከአንድ እስከ ሦስት ዳዶ ድረስ፣ በእኛ ልኬት የሚታይ ልዩነት አላገኘንም» ይበሉ። መላምቱ ያልሰራለት ልጅ ቅር ሊለው ይችላል። ነጥቡ እንደማይቀነስበት ከመጀመሪያው ንገሩት፤ በተግባርም አትቀንሱበት።

ደረጃ 9፦ ግራፍና ትንበያ

ርዝመት የመረመሩት ቡድኖች በአግድም ርዝመትን፣ በቁም የ10 ምልልስ ጊዜን ያድርጉ። ነጥቦቹን በማስመሪያ ሊያገናኙ ሲሉ አስቁሟቸው። በእጅ ለስለስ ያለ መስመር ሲያሳልፉ ወደ ጎን ጎበጥ ማለቱን ያያሉ። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ አልሆነም። ስንት ጊዜ ቢረዝም ነው እጥፍ የሚሆነው? ሠንጠረዡን ያያሉ፤ ከ25 ወደ 100፣ አራት ጊዜ።

አሁን ትንበያው ይምጣ። «ለ60 ሴንቲ ሜትር ሳትለኩ ንገሩኝ።» ከግራፉ አንብበው 15 ተኩል ገደማ ይላሉ። ይጽፉታል፤ ከዚያ ይለኩታል። 15.5 አካባቢ ሲመጣ ክፍሉ ይናወጣል። ያልታየን ነገር አስቀድሞ በቁጥር መናገርና ተፈጥሮ ስትስማማ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል በቃል አይነገርም።

የ100 ሴንቲ ሜትሩን ውጤት ይዛችሁ ወደ ሜትሩ ታሪክ ተመለሱ። የአንድ ሜትር ክር በአንድ አቅጣጫ ለመሄድ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ልክ አንድ ሰከንድ የሚፈጀው 99.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ነው። ሜትርን ከምድር ከመውሰድ ይልቅ ከዚህ ፔንዱለም እንውሰድ የሚል ሐሳብ ያን ጊዜ በእርግጥ ቀርቦ ነበር። ያልተመረጠበት አንዱ ምክንያት የስበት ኃይል ከቦታ ቦታ ትንሽ ስለሚለያይ ነው። ያው ፔንዱለም ምድር ወገብ አካባቢ ከዋልታ አካባቢ በጥቂቱ ይዘገያል። «ታዲያ የማን አገር ሰከንድ ይሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ቀን የስንዝር ክርክር ተመልሶ ይነሳል፤ አሁን ግን በተሻለ ቋንቋ ይከራከራሉ።

ደረጃ 10፦ ሪፖርትና ማርክ

ሪፖርቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። መመዘኛው አንድ ነው፤ ሌላ ቡድን ይህን ብቻ አንብቦ ሙከራውን መድገም ይችላል? ይህን ለማየት ሪፖርቶቹን አቀያይሩና በእርግጥ ያስደግሟቸው። «ክሩን አሰርን» የሚለውን ያነበበ ቡድን «ስንት ሴንቲ ሜትር?» ብሎ ሲመጣ፣ የጻፈው ቡድን የጎደለውን ያውቃል።

ማርክ ስትሰጡ ለትክክለኛ መልስ ብዙ አታስቀምጡ። ከሙከራ በፊት ለተጻፈ መላምት፣ ለአሃድ፣ ለተደጋገመ ልኬት፣ ላልተደበቀ ስህተት፣ ከማስረጃው ላላለፈ መደምደሚያ ስጡ። ተማሪ ማርክ ወዳለበት ነው የሚሮጠው። ማርኩ 14.2 ላይ ካለ 14.2ን ይፈጥርላችኋል።

ቀድመው ለጨረሱ

ስለ ማዕዘኑ ይጠይቁ። ጋሊሊዮ ፔንዱለም ሰፋ አድርጎም ሆነ ጠበብ አድርጎ ቢወዛወዝ ጊዜው እኩል ነው የሚል እምነት ነበረው። ተማሪዎቹ በ100 ሴንቲ ሜትር ክር ከ10፣ ከ30 እና ከ60 ዲግሪ ይሞክሩት። ውዝዋዜው ቶሎ ስለሚቀንስ እዚህ ላይ 5 ምልልስ ብቻ ይቁጠሩ፤ ድግግሞሹን ግን ወደ አምስት ያሳድጉት። በስሌት ሲታይ ከ60 ዲግሪ የሚጀምር ምልልስ ከትንሹ ማዕዘን 7 በመቶ ገደማ ይረዝማል። 30 ዲግሪ ላይ ልዩነቱ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንደኛው በእጅ ሰዓት ይያዛል። ሁለተኛው መዋዠቁ ውስጥ ይሰወር ወይስ ይታይ የሚለውን፣ ከመጀመራቸው በፊት በእስክሪብቶ ይጻፉት።